የጅቡቲን መስመር ለኤሌክትሪክ ከባድ መኪና እንዴት እናዘጋጅ?

በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለው በ2016 ዓ.ም. ነው። የተሳቢው ተራም መምጣቱ አይቀርም። ያኔ የት ቆሞ ቻርጅ ያደርጋል? ዕቅዱ ከአሁኑ ይጀመር።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ቻርጀር ለመግዛት አትቸኩሉ። በዚህ መስመር ከባዱ ዕቃ የሚመጣው ከባሕር ነው፤ ሽቅብ። ሞጆ ደረቅ ወደብ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ዳገቱን ለመውጣት ብቻ ወደ 200 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል (ያው ቤታችን ቆጣሪ ላይ የምናየው መለኪያ ነው)። ሜዳውን በኪሎሜትር 1.3 ብንይዘው፣ ከ800 ኪሎሜትር በላይ ለሆነው መንገድ ከ1,000 ያልፋል። ድምሩ 1,250 አካባቢ ይመጣል። ባትሪው 500 ቢሆን፣ ሙልጭ እስኪል ስለማይነዳ፣ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ መሙላት አለበት። ሲወርድ ጭነቱ ይቀላል፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝም ባትሪው መልሶ ይሞላል። መውጫና መውረጃውን ለየብቻ አስሉ።

ቀጥሎ ሹፌሮቹን ጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. በዋና ዋና መንገዶቹ ላይ በየ60 ኪሎሜትሩ የከባድ መኪና ቻርጀር እንዲኖር ደንግጓል። ለኛ ግን ከካርታው ይልቅ ሹፌሩ ያውቃል። ድንበሩ ጋላፊ ላይ ወረፋ አለ፣ ሎጊያ ይታደራል፣ አዋሽ ምሳ ይበላል። ሎጊያ ለሚያድር መኪና 50 ኪሎዋት ይበቃዋል፤ በ8 ሰዓት ውስጥ 400 ኪሎዋት ሰዓት ይሞላል። አዋሽ ላይ ግን ሹፌሩ በልቶ ቡናውን እስኪጠጣ ነው ጊዜው፤ እዚያ 350 ኪሎዋት ተክሉ። በ45 ደቂቃ 260 ገደማ ይሰጣል። በየቦታው ትልቁን መደርደር ብር መበተን ነው።

ከዚያ መብራቱ። ብዙ ዕቅድ ወረቀት ላይ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። ባለ350 ቻርጀር አሥሩ አብረው ሲሠሩ 3.5 ሜጋዋት ይፈልጋሉ። ይሄን የትንሽ ከተማ መስመር ላይ ዝም ብሎ መቀጠል አይቻልም። መሬት ከመያዛችሁ በፊት ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሂዱ፦ ቅርቡ ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) የት ነው፣ ምን ያህል ትርፍ ኃይል አለው፣ ትራንስፎርመሩን ማን ያመጣል? መብራት ሲጠፋ ተሳቢዎቹ ተሰልፈው እንዳይቀሩ ግቢው ውስጥ ማጠራቀሚያ ባትሪ ይኑር። ደግሞ ጥላ ሥሩ። ሰመራ አካባቢ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ቻርጀሩም ባትሪውም ሲግሉ ኃይል ይቀንሳሉ።

ሃይድሮጂንስ? ባትሪ ለማይደርስበት ረጅም መንገድ ይነሳል፤ አሞላሉም ፈጣን ነው። ግን 1 ኪሎውን ከውኃ ለማውጣት 55 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መኪናው ለ100 ኪሎሜትር 8 ኪሎ ቢወስድ 440 ሆነ ማለት ነው፤ ባትሪው በ130 የሚሄደውን መንገድ! ውኃውና የ350 ወይም የ700 ባር ግፊት የሚችለው ታንከር ገና አልተቆጠረም። እኔ ብሆን ከግቢው ጥግ ቦታ እተውለታለሁ እንጂ አሁን ብር አላወጣበትም።

ቁፋሮው ግን አንዴ ይሁን። በሁለት ቻርጀር ብትጀምሩም የአሥር ገመድ የሚያስገባ ቱቦ ቅበሩ። መኪናው ሲበዛ የሚቀረው ቻርጀሩን አምጥቶ መግጠም ብቻ ይሆናል።