ሰርቨሩ ድንገት ሲጠፋ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ሰርቨር ድንገት ሲጠፋ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ማብሪያው ነው። ሰርቨሩ ይነሳል፣ ሥራ ይቀጥላል፣ ሰዉ ይረጋጋል። የጠፋበት ምክንያት ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልዲያም «መብራት ሄዶ ነው» ብለን እናልፋለን። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እውነት ባልሆነበት ቀን ግን እየሞተ ያለ ዲስክ ወይም የቆመ ፋን ሳናየው ያልፋል። ስለዚህ መብራትንም ቢሆን በማስረጃ እንክሰሰው።

ሎግ ከመክፈት በፊት፦ ሰዓቱን አስማሙ

የጥበቃ ሠራተኛውን «ጋሼ፣ መብራት ስንት ሰዓት ላይ ሄደ?» ብትሏቸው «ሌሊት 9 ሰዓት» ይሏችኋል። ሰርቨሩ ይህንኑ ሰዓት ሎጉ ላይ፣ ማለትም የሆነውን ሁሉ በሚመዘግብበት መዝገብ ላይ፣ 3፡00 ብሎ ይጽፈዋል። በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የተሞላ ከሆነ ደግሞ 0፡00 ይላል፤ እኛ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንቀድማለንና። ቀኑም ያምታታል። «የማክሰኞ ሌሊት» የተባለው፣ ማለትም ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሎጉ ላይ ረቡዕ ሆኖ ነው የሚገኘው። ይህን ሳታስማሙ ከፈለጋችሁ የተሳሳተ ሰዓት ላይ ያለ ንጹሕ ሎግ አይታችሁ «ምንም የለም» ትላላችሁ።

መብራት በሄደ ቁጥር የሰርቨሩ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ባለ 3 ቮልት ሲአር 2032 ናት። ሰርቨሩን በሥርዓት ዝጉ፣ የኃይል ገመዱን ንቀሉ፣ ባትሪዋን ቀይሩ፣ ከዚያ ሰዓቱ በኔትወርክ ራሱን እንዲያስተካክል አድርጉ።

ተዘጋ ወይስ ጠፋ?

ሁሉም ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሰርቨሩ «ዝጋ» ተብሎ ተዘጋ? ወይስ ሥራ ላይ እያለ ጭልም አለ?

ዊንዶውስ ከሆነ ኢቨንት ቪውወርን (የሎግ ማሳያውን) ክፈቱና «ሲስተም» የሚለው ውስጥ ግቡ። ቁጥር 1074 ካገኛችሁ ሰው ወይም ፕሮግራም አዝዞ ነው የተዘጋው፤ ማን እንዳዘዘም ይነግራችኋል። ሌሊት ላይ የተጫነ የዊንዶውስ አፕዴት ብዙ ጊዜ የሚያዘው እዚህ ነው። 1074 የለም፣ ግን 41 እና 6008 አሉ? እንግዲያው በሥርዓት አልተዘጋም። ቁጥር 41 ምክንያቱን እንደማይናገር ልብ በሉ። «ሳልዘጋ ጠፋሁ» ብቻ ነው የሚለው። ዝርዝሩ ውስጥ ገብታችሁ «በግቼክኮድ» የሚለውን እዩ። 0 ከሆነ ዊንዶውስ ምንም ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም፤ ኃይል ተቋርጧል፣ ማሽኑ ደርቆ ቀርቷል ወይም አንድ ሰው ማጥፊያውን ተጭኖ ይዟል። ከ0 ሌላ ከሆነ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ነበር። እዚያ ያለው ቁጥር በአሥር ቤት የተጻፈ ነው፤ ወደ አሥራ ስድስት ቤት ቀይራችሁ ፈልጉት። 159 ካለ የምትፈልጉት 9ኤፍን ነው፤ እሱም የድራይቨር ችግር ነው።

ሊኑክስ ላይ «ላስት» የሚለውን ትዕዛዝ ከኤክስ ምርጫ ጋር ስጡ። ከ«ሪቡት» በፊት «ሻትዳውን» ከሌለ ድንገት ጠፍቷል። ቀጥሎ በጆርናል (በሊኑክስ ሎግ) የቀድሞውን ቡት፣ ማለትም ከመጥፋቱ በፊት በርቶ የነበረበትን ጊዜ፣ የመጨረሻ መስመሮች አንብቡ። ተራ ሥራ እየተጻፈ መሃል ላይ ቁርጥ ካለ ኃይልን ወይም ሃርድዌርን ጠርጥሩ። «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ካለ ራም ሞልቶ ከርነሉ ራሱ ፕሮግራም ገድሏል፤ ያኔ ማሽኑ ሳይጠፋ ዳታቤዙ ብቻ ሊወድቅ ይችላል። የቀድሞው ቡት ጭራሽ ካልተገኘ አብሽሩ፣ ጆርናሉ የሚቀመጠው ራም ላይ ስለሆነ ነው። ቫር ሥር ባለው የሎግ ፎልደር ውስጥ «ጆርናል» የሚል ፎልደር ፍጠሩና የጆርናሉን አገልግሎት እንደገና አስነሱት። ያለፈው አይመለስም፤ የሚቀጥለው ግን ዲስክ ላይ ይቀራል።

ምልክት፦ ሎጉ ቁርጥ ብሏል

መጀመሪያ የኔትወርክ ስዊቹን ጠይቁ። ስዊቹ ከተነሳ ስንት ሰዓት እንደሆነው ራሱ ይቆጥራል። እሱም በዚያው ደቂቃ ከተነሳ ጉዳዩ የክፍሉ ኃይል ነው። ስዊቹ ሳምንታት ሳይጠፋ ቆይቶ ሰርቨሩ ብቻ ከጠፋ ግን መብራት ኃይልን ተዉት፤ ፓወር ሰፕላይን፣ የላላ ገመድን ወይም ሙቀትን ፈትሹ።

የክፍሉ ኃይል ከሆነ «ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚተካው) እያለ እንዴት ጠፋ?» የሚለው ይመጣል። ሁለት ዓይነት አጠፋፍ አለ።

አንደኛው መብራት እንደሄደ ወዲያው መጥፋት ነው። የዩፒኤሱ ባትሪ ደክሟል። የሊድ አሲድ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ሞቃት ክፍል ውስጥ ከዚያም ያጥራል። አረንጓዴ መብራቱን አትመኑት። ከሥራ ሰዓት ውጭ ሰርቨሩን ዝጉና በምትኩ ጥቂት ኮምፒውተሮች ሰኩበት፤ ከዚያ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቅላችሁ ምን ያህል እንደሚቆይ ያዙ። ከደከመ ባትሪዎቹን አንድ ላይ ቀይሩ። አዲስና አሮጌ ሲቀላቀል አሮጌው አዲሱን ይጎዳዋል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚያደናግር ነው። መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተር ተነሳ፣ አምፖሉ በርቷል፣ ሰርቨሩ ግን ከሩብ ሰዓት በኋላ ጠፋ። ጄኔሬተሩ የሚሰጠው ቮልቴጅ ወይም ፍሪኩዌንሲ ከ220 ቮልትና ከ50 ኸርዝ ሲዋዥቅ ዩፒኤሱ «ይህን አልቀበልም» ብሎ ከባትሪው መብላቱን ይቀጥላል። ባትሪው ሲያልቅ ጸጥ ይላል። ጄኔሬተሩ እየሠራ ዩፒኤሱ አጠገብ ቁሙ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅና የማያቆም የባትሪ ጩኸት ከሰማችሁ ይሄው ነው። መፍትሄው በቅደም ተከተል፦ የዩፒኤሱን የግቤት ሴንሲቲቪቲ ዝቅ ማድረግ፣ ካልሆነ የጄኔሬተሩን ፍጥነትና ኤቪአር (የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ) በባለሙያ ማስተካከል፣ እሱም ካልሆነ ሰፋ ያለ ግቤት የሚቀበል ኦንላይን ዩፒኤስ መግዛት።

በሁለቱም ጊዜ የዩፒኤሱን የዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር አገናኙት። ካርቶኑ ውስጥ ሳይፈታ የቀረ ገመድ ስንት ቦታ አለ! ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ በራሱ በሥርዓት ከተዘጋ ዳታቤዙ ይተርፋል።

ምልክት፦ ከሰዓት በኋላ እየጠበቀ ይጠፋል

ሙቀት ነው። እኛ አገር አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ከፍታ። አየሩ ሲሳሳ ፋኑ ያው ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በብዙ አምራቾች መመሪያ 35 ዲግሪ የሚለው ጣሪያ ከ950 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናትና ጣሪያው ወደ 30 ይወርዳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወደ 32። ደሴ አየሯ ያግዛታል፤ ኮምቦልቻ ግን ውጭው ራሱ ሞቃት ነውና ኤሲ የሌለው ጠባብ ክፍል ቶሎ እዚያ ይደርሳል። የሞዴላችሁን መመሪያ እዩ።

ማረጋገጫው የሰርቨሩ የራሱ መቆጣጠሪያ ውስጥ ነው፤ በኤችፒ አይሎ፣ በዴል አይድራክ የሚባለው። እሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቢሞትም የሙቀት፣ የፋንና የፓወር ሰፕላይ ሎግ ይይዛል። የፋን ስህተት ካለ ፋኑን ቀይሩ። ከሌለ ሰርቨሩን ዘግታችሁ አቧራውን ንፉ፤ ፋኖቹን በእጅ ይዛችሁ፣ በነፋሱ እንዳይሽከረከሩ።

ምልክት፦ ሰዓትም ምክንያትም የለው

ራም ወይም ዲስክ ነው። የራም ስህተት እዚያው መቆጣጠሪያ ላይ ከነ ስሎቱ ቁጥር ይመዘገባል። ካልተመዘገበ ሜምቴስት የተባለውን የራም መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ አስኪዱት።

ለዲስክ የስማርት ቁጥሮችን (ዲስኩ ስለ ጤናው ራሱ የሚመዘግባቸውን) አንብቡ፤ 5፣ 197 እና 198። 197 ከዜሮ ተነስቶ እየጨመረ ከሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ። ሬድ (አንድ ዲስክ ቢሞት ሌሎቹ ዳታውን የሚያተርፉበት አሠራር) ካላችሁ ሌሎቹ ዲስኮች ጤናማ መሆናቸውን አይታችሁ እሱን ለውጡት። ከሌላችሁ መጀመሪያ ባክአፕ ያዙ፣ ባክአፑንም ሌላ ማሽን ላይ ከፍታችሁ አረጋግጡ። ረጅሙ የዲስክ ፍተሻ ከዚያ በኋላ ነው፤ የደከመ ዲስክ ፍተሻው መሃል ላይ ሊሞት ይችላልና።