ሞዴል ባቡርዎ አልሄድ ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀርመን አገር ስንኖር ከላያችን ፎቅ ያሉ አሮጊት የሟች ባላቸውን ሞዴል ባቡር በካርቶን ሙሉ ለልጄ ሰጡት። ሐዲዱን ሳሎን ውስጥ ዘረጋን፣ ትራንስፎርመሩን ሰካን፣ ሎኮሞቲቩን አስቀምጠን መቆጣጠሪያውን አዞርን። ጭጭ። ልጄ «አባዬ፣ ሞቷል እንዴ?» ሲለኝ ካቻቪቴ ፍለጋ ተነሣሁ። ያን ዕለት ማታ ከታች ከዘረዘርኳቸው ስህተቶች ውስጥ አራቱን ሠርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አሮጌ ሎኮሞቲቭ በእጄ አልፏል፤ ሞቷል ከተባለው አብዛኛው አልሞተም ነበር። የሚገድለው ጥገናው ነው።

ሎኮሞቲቩን መጀመሪያ መክፈት

ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ሶኬት ተነሥቶ በትራንስፎርመሩ፣ በሽቦው፣ በሐዲዱ፣ በጎማው፣ ከጎማው ጀርባ በምትነካው ስስ የመዳብ ቅጠል በኩል ነው ሞተሩ ጋ የሚደርሰው። ምርመራውም በዚሁ መንገድ መሄድ አለበት፤ ሞተሩ መጨረሻ ነው። መደበኛው ባለ ሁለት ሐዲድ የዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ባቡር በሙሉ ፍጥነት ወደ 12 ቮልት ይፈልጋል። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለዎት ሁለቱን ሐዲዶች መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ አጠገብ፣ ቀጥሎ ራቅ ካለው ጫፍ ይለኩ።

የእኔ ችግር እዚህ ነበር። ሽቦው የገባበት ሐዲድ ላይ 12 ቮልት አለ፣ ከሁለተኛው መጋጠሚያ ወዲያ ግን ምንም የለም። የሐዲዱ ማያያዣ ላልቶ ኖሯል፤ በፒንሳ ትንሽ ጨመቅ ሲደረግ ተስተካከለ። ይህን ያወቅሁት ግን ሞተሩን ከፈታታሁ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። አንዳንድ የላላ መጋጠሚያ ደግሞ ያታልላል፦ ባዶውን ሲለኩት 12 ያሳያል፣ ሎኮሞቲቩ ላዩ ላይ ሲቆም ይወርዳል። ስለዚህ ባቡሩ ቆሞበት እያለም ይለኩ።

ቴስተር ከሌለ የ9 ቮልት ባትሪና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይበቃሉ። ዲጂታል ያልሆነውን የዲሲ ሎኮሞቲቭ ገልብጠው አንዱን ሽቦ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ጎማ ላይ ያስነኩ፤ የማይነካ ጎማ ስላለ አንዱ ካልሠራ ሌላውን ይሞክሩ። ከተሽከረከረ ሎኮሞቲቩን ይተዉት፤ ጣጣው ሐዲዱ ጋ ነው።

ዓይነቱን ሳይለዩ ሐዲድ ላይ ማስቀመጥ

ኤች ዜሮ የሚባለው መጠን እውነተኛውን ባቡር በ87 ያካፈለ ነው። 1435 ሚሊሜትር የሆነው የተለመደው የሐዲድ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ይሆናል። (የድሮው የለገሃር ባቡር መስመር ባለ አንድ ሜትር ስፋት ስለነበር፣ እሱን በዚህ መጠን ልሥራ የሚል ሰው 12 ሚሊሜትሩን ሐዲድ ነው የሚገዛው።) ችግሩ በዚሁ በ16.5ቱ ላይ ሁለት የማይስማሙ ዓይነቶች መኖራቸው ነው። ሜርክሊን የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ባቡር በመሃል ሦስተኛ መስመር አለው፤ ኤሌክትሪኩን የሚወስደው ከሆዱ ሥር ባለች ረጅም ማንሸራተቻ ሲሆን፣ የግራና የቀኝ ጎማው እርስ በርሱ የተገናኘ ነው። ይህን ባለ ሁለት ሐዲዱ ላይ ሲያስቀምጡት ሾርት ያደርጋል። በተቃራኒው የዲሲውን ሎኮሞቲቭ በድሮው የሜርክሊን ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ትራንስፎርመር መንዳት ሞተሩን ማቃጠል ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሲገዙ ገልብጠው ሆዱን ይዩ፤ ማንሸራተቻዋ ካለች ባለ ሦስት መስመር ነው።

በእጅ መግፋት

በብዙዎቹ ሎኮሞቲቮች ሞተሩ ጎማውን የሚያዞረው እንደ ብሎን በተጠማዘዘ ጥርስ ነው። ይህ ጥርስ ከሞተር ወደ ጎማ እንጂ ከጎማ ወደ ሞተር አያዞርም። ስለዚህ ጎማው በእጅ አልዞር ማለቱ ብልሽት አይደለም፤ ታግለው ካዞሩት ግን ፕላስቲኩ ጥርስ ይሰነጠቃል። ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ከቆመ ያኔ ጥርሱን ይጠርጥሩ።

በብርጭቆ ወረቀት ወይም በድስት ሽቦ መፈተግ

ሐዲዱ ለጊዜው ያበራል፣ ሎኮሞቲቩም ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰው ትክክል የሠራ ይመስለዋል። ወረቀቱ የተወው ጭረት ግን ቆሻሻውን ከበፊቱ ይበልጥ ይይዛል። የድስት ሽቦው ይብሳል፦ ብናኙ ብረት ስለሆነ የሞተሩ ማግኔት ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና ጨርቅ ይበቃል፤ መስኮት ይከፈት፣ ኤሌክትሪኩ ይነቀል፣ ክብሪት ይራቅ።

ለጎማው ደግሞ ዘዴ አለ። በአልኮል የረጠበ የወጥ ቤት ወረቀት በሐዲዱ ላይ አጋድመው ያንጥፉ፤ ትንሽ ይትነንና ኤሌክትሪኩን ይመልሱ። የሎኮሞቲቩን ግማሽ ጎማ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹን ባዶው ሐዲድ ላይ አድርገው በጣትዎ ይዘው በዝግታ ያሽከርክሩት። ወረቀቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ይወጣል። ከዚያ አዙረው የቀረውን ጎማ። ያ ጥቁር ነገር ነው ኤሌክትሪኩን ሲከለክል የከረመው። በጣት ነካ ሲደረግ ፈንጠር ብሎ ሄዶ ተመልሶ የሚቆም ሎኮሞቲቭ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይድናል። ምንጣፍ ላይ መንዳት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ክሩ አክስሉ ላይ ተጠምጥሞ በወረንጦ ነው የሚለቀመው።

ዘይት ማፍሰስ

ሃያ ዓመት በሳጥን የተኛ ሎኮሞቲቭ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። መብራቱ እየበራ ካልተንቀሳቀሰ ኤሌክትሪኩ ደርሷል ማለት ነው፤ ሞተሩን የያዘው ሙጫው ሊሆን ይችላል። መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻ አዙሮ መጠበቅ ሞተሩን ያቃጥላል። አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ ካለቀ በኋላ ለፕላስቲክ የማይጎዳ ቀጭን የሞዴል ዘይት በመርፌ ጫፍ፣ ጠብታ እንኳ ሳይሞላ፣ አክስሉ የሚዞርበት ቦታ ላይ ብቻ ይንኩ። የምግብ ዘይት ዳግመኛ ሙጫ ይሆናል፤ ለዛገ የመኪና ብሎን የሚረጨው ፕላስቲክ ሊጎዳ ይችላል፣ ለማለስለስም አይበረክትም። ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው የሞተር ክፍል የሚያደርሱት ካርቦኖች የሚነኩት የመዳብ ክብ ላይ ዘይት ከደረሰ ከካርቦኑ ዱቄት ጋር ተለውሶ ጥቁር ጭቃ ይሆናል፤ ባቡሩ እንደገና ይቆማል።

ሞተሩን ሳይዘጋጁ መፍታት

ካርቦኖቹን የሚገፉት ሞላዎች ከሩዝ ፍሬ አይበልጡም። ክዳኑን ሳነሣ አንዷ «ጢን» ብላ በመብራቱ በኩል አለፈች፤ ያ ነው የመጨረሻ የታየችው። ልጄና እኔ ሁለት ቀን በእንብርክክ ፈልገናል። አሁን የምከፍተው እጄን ብርሃን በሚያሳልፍ ትልቅ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ነው፤ ከእያንዳንዱ ብሎን በፊት በስልክ ፎቶ አነሣለሁ። የእስክሪብቶ ሞላ ቆርጬ ተክቼ ነበር፤ አይሆንም። ጠንካራ ስለሆነ ካርቦኑን ከልክ በላይ ይጫናል፣ ሞተሩ ይግላል፣ መዳቡም ይበላል። የሞዴሉን ቁጥር ይዞ ትክክለኛውን ማዘዝ ይሻላል።

የአሮጌ ሞተሮችን ማግኔት ደግሞ ከቤቱ አያውጡት። የድሮዎቹ አልኒኮ ማግኔቶች ከብረቱ ሲለዩ ኃይላቸው ይቀንሳል፤ መልሰው ሲገጥሙት ሞተሩ እየጋለ ደካማ ይሆናል።

ዲጂታሉን እንደ ተራው ማየት

ዲጂታል ሎኮሞቲቭ ትእዛዙን የሚቀበልበት ዲኮደር የሚባል ትንሽ ሰሌዳ በውስጡ አለው፤ የሚጠራውም በአድራሻ ቁጥሩ ነው። ዲሲሲ በሚባለው የዲጂታል ሥርዓት አዲስ ሲመጣ አድራሻው ብዙውን ጊዜ 3 ነው። ያገለገለ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ቀይሮት ይሆናል፤ ብዙ ሰው በሎኮሞቲቩ ጎን የተጻፈውን ቁጥር ስለሚሰጠው እሱን ይሞክሩ። ካልሆነ በብዙ ዲኮደሮች ሲቪ 8 በሚባለው የቅንብር ቦታ ላይ 8 መጻፍ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመልሳል። ሲበላሽ ያየሁት አንድ ነገር አለ፦ ዲኮደሩ ሳይነቀል ባትሪ በቀጥታ የሞተሩ እግሮች ላይ ማስነካት። ሞተሩ ይዞራል፣ ዲኮደሩ ግን ሊቃጠል ይችላል፤ ያኔ የሚገዛው ዲኮደር ከሎኮሞቲቩ ሊወደድ ይችላል።

የአሮጊቷ ሎኮሞቲቭ ሞላው ታዝዞ ከመጣ በኋላ ባዶውን አሥር ደቂቃ ወደ ፊት፣ አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ በዝግታ ነዳነው። ሐዲዱ አሁን ጠረጴዛ ላይ ነው።