ጥርሱ ፔዳሉ ላይ ነው፤ የፍላት ፔዳል ነጂዎች የጫማ ስህተቶች

እንጦጦ የሯጮች ተራራ ነው። ስለዚህ ማውንቴን ባይክ ገዝቶ ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚመጣ ጀማሪ ምን ተጫምቶ እንደሚመጣ ሳላየው አውቀዋለሁ። ወይ የሩጫ ጫማ ነው፣ ወይ ለእግር ጉዞ የተሠራ ጥርሳም ቡት። ሁለቱም ለተሠሩበት ሥራ ግሩም ናቸው። ፍላት ፔዳል፣ ማለትም ጫማ የማይቆለፍበት ጠፍጣፋ ፔዳል ላይ ግን ጣጣቸው ብዙ ነው።

"ጥርስ በበዛ ቁጥር ይይዛል" ብሎ ማሰብ

ይሄንን ስንቴ እንደተናገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው መርካቶ ወርዶ ጫማ ያነሳል፣ ይገለብጣል፣ ሶሉን ያያል። ጥልቅ ጥልቅ ጥርስ ካየ "ይሄማ መሬት ይቧጥጣል" ብሎ ይከፍላል። እውነት ነው፣ መሬት ይቧጥጣል። ሳይክል ላይ ስትሆኑ ግን የቆማችሁት መሬት ላይ አይደለም፤ መዳፍ የምታክል ብረት ላይ ነው። ጥርሱም ያለው እዚያው ብረት ላይ ነው። ደህና ፔዳል በአንድ ገጹ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ፒን አለው፤ ከላዩ ብቅ ያሉት ትንንሽ ብሎኖች ማለቴ ነው። ሥራቸው ለስላሳ ላስቲክ ውስጥ ገባ ብለው መያዝ ነው። ሶሉ ጠፍጣፋና ለስላሳ ከሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነክሳሉ። ጥርሳም ሶል ከሆነ ግን ገሚሱ ፒን በጥርሶቹ መሀል ባለው ክፍተት አየር ላይ ይቀራል፣ ገሚሱ የጥርሱን ጫፍ ብቻ ይነካል። ጥርሱ ወዲያና ወዲህ ይተጣጠፋል፣ እግራችሁም አብሮት ይዋልላል። ይባስ ብሎ አንዳንዴ ፒኑ በሁለት ጥርስ መሀል ይቀረቀርና እግራችሁን መሬት ለማውረድ ስትቸኩሉ ወይ ፍንክች ይላል። ስትፈልጉት የማይይዝ፣ ሳትፈልጉት የማይለቅ ጫማ ማለት ይሄ ነው።

አንድ ጎረምሳ ነሐሴ ላይ የካ ተራራ የኳስ ታኬታ አድርጎ መጣ። ምነው ስለው፣ "ጋሼ፣ ጭቃ ነው ብዬ እኮ ነው" አለኝ። ለመግፋት ቢሆን ልክ ነበር። ቁልቁለቱ የባሕር ዛፍ ሥር የበዛበት ነው፣ በዚያ ላይ ቅጠሉ ሲረጥብ ያንሸራትታል። የመጀመሪያው ሥር ላይ ሳይክሉ ዘለል ሲል ቀኝ እግሩ ከፔዳሉ ወጣ፤ ፔዳሉ ዞረና ፒኖቹ ቅልጥሙን ድመት እንደቧጠጠው አድርገው ሸረከቱት። ቁስሉን ለመጥረግ ስንጎነበስ ገና የተረዳሁት ነገር፣ ልጁን ያሳሰበው ሱሪው ነበር! በነገራችን ላይ በእነዚህ መንገዶች የፈረስም የከብትም እበት ስለማይጠፋ፣ የፒን ቁስል በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠባል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዳችሁ የቆየ ከሆነ ደግሞ ጤና ጣቢያ ብቅ በሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፍጹም ልሙጥ ሶልም ለእኛ አገር አይሆንም። ከሱሉልታም ሆነ ከለገጣፎ በኩል ብትነዱ፣ ክረምት ላይ መረሬው ጎማ ላይ እየተለጠፈ ወርዶ መግፋት የግድ ይሆናል። እኔ የምመርጠው መሀሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ጣቱና ተረከዙ ጋ ብቻ አጠር ያለ ጥርስ ያለውን ነው። ፔዳሉን የሚነካው መሀሉ ነው፣ ጭቃውን የሚረግጠው ጫፉ።

የሩጫ ጫማ

"ውድ ጫማ ነው እኮ!" ይሉኛል። ውድነቱ መቼ ጠፋኝ? የሩጫ ጫማ ተረከዙ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አለው፤ አስፋልት ሲመታችሁ እንዲውጥላችሁ። ፔዳል ላይ የሚውጠው ግን ጉልበታችሁን ነው፤ እግራችሁ ፒኖቹ የት እንዳሉም አያውቅም። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከእንጦጦ ጫፍ ስትወርዱ ደግሞ ኮርቻ ላይ አትቀመጡም፣ ፔዳሉ ላይ ትቆማላችሁ። ያኔ ለስላሳው ሶል በፔዳሉ ዙሪያ ይታጠፋል፤ ክብደታችሁ ሁሉ በውስጥ እግራችሁ መሀል ያርፋል። ግማሽ መንገድ ላይ ቁመው እግራቸውን የሚያሹ ሰዎች ካያችሁ ጫማቸውን እዩት። ላዩም ወንፊት ጨርቅ ስለሆነ ጣት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ የሚከልል ነገር የለም።

የሸራ ጫማ

ከሩጫ ጫማ በጣም ይሻላል፤ ሶሉ ጠፍጣፋ ነው። ችግሩ መሳሳቱ ነው። ለአጭር መንገድ ይሁን፣ ለረጅም ቁልቁለት ግን ፒኑ እስከ እግራችሁ ይሰማችኋል።

የጫማ ክር

የቀኙን ወደ ውስጥ ሸጉጡት። ካቴናው በዚያ በኩል ነው።

ርካሽ ሆኖ ስለተገኘ የክሊት ጫማ መግዛት

ሰልባጅ ተራ ውስጥ "የሳይክል ጫማ" እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ገልብጡት፤ ሶሉ መሀል ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታና የብሎን ማሰሪያ ካለው፣ ከልዩ ፔዳል ጋር እንዲቆለፍ የተሠራ ነው። ሶሉ ደረቅ ነው፣ ፒኑ መንከስ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ጉድጓድ አለ። የሳይክል ጫማ ስለሆነ ብቻ ለናንተ ፔዳል አይሆንም። "ፍላት ፔዳል የጀማሪ ነው፣ አንድ ቀን ወደ ክሊት መሄዴ አይቀርም" ብሎ የሚገዛም አለ። አውስትራሊያዊው ሳም ሂል እ.ኤ.አ. በ2017፣ 2018 እና 2019 ኢንዱሮ ወርልድ ሲሪስ የተባለውን የማውንቴን ባይክ ውድድር በአጠቃላይ ውጤት ሲያሸንፍ የነዳው በፍላት ፔዳል ነው።

ሁሉንም ጫማ ላይ መጫን

ከሳይክሉ ጋር የመጣው ፔዳል ልሙጥ ፕላስቲክ ከሆነ፣ ዓለት ለሚወጡ ሰዎች ጫማ በመሥራት የጀመረውን የፋይቭ ቴንን ምርጥ ሶል ብታደርጉም መንሸራተቱ አይቀርም። ያላችሁ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ መጀመሪያ ፒን ያለው ፔዳል፤ ጫማው ይደርሳል።

"በወፍራም ካልሲ አደርገዋለሁ" ብሎ አንድ ቁጥር መጨመር

እግር ጫማው ውስጥ እየተንሸራተተ ሶሉ ፔዳሉን ቢይዝ ምን ዋጋ አለው?

ምድጃ ዳር ማድረቅና ዝም ብሎ ማሰፋት

ክረምት ላይ ጫማ ሳይርስ አይመለስም። ከሰል ዳር ወይም ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ማስቲሹ ይለቃል፣ ላስቲኩም ይደርቃል። የደረቀ ላስቲክ ደግሞ ፒን አይቀበልም፤ ጫማው አዲስ ይመስላል እንጂ ሥራውን ጨርሷል። የውስጡን ሶል አውጥታችሁ ጋዜጣ ጠቅጥቁበትና ነፋስ የሚያገኝበት ጥላ ውስጥ ተዉት፤ ጋዜጣው ሲርስ ቀይሩት።

አዲስ ጫማ ገዝቶ በዚያው ሊስትሮ ጋ ዙሪያውን ማሰፋት ልማዳችን ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው። ግን ክሩ ከሶሉ በታች ብቅ ብሎ ከቀረ ፒኖቹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበጣጥሱታል። ሰፊውን "ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሶሉን ሰንጠቅ አድርገህ ክሩን ቅበርልኝ" በሉት። ያውቀዋል፤ ካልተጠየቀ ግን አያደርገውም።

ሳይሞክሩ መግዛት

በዓይን ብቻ የሚገዛ ጫማ አይደለም። ጥፍራችሁን ሶሉ ላይ ተጫኑት፤ ምልክቱ ቀስ ብሎ ከጠፋ ላስቲኩ ለስላሳ ነው። ጥፍሩ ጭራሽ ካልገባ ይቅርባችሁ። ሰልባጅ ከሆነ ከጣቱ ጋ እጠፉት፤ ዓመታት መጋዘን የተቀመጠ ሶል እዚያ ጋ ይሰነጠቃል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ፔዳላችሁን ፈታችሁ በፌስታል ይዛችሁ መሄድ ነው። መሬት ላይ አስቀምጣችሁት፣ ሱቁ ውስጥ ጫማውን እንዳደረጋችሁ ቁሙበትና እግራችሁን ወደ ጎን ለማንሸራተት ሞክሩ። ሳታነሱት የሚሄድ ከሆነ ጫማውን መልሱለት። ነጋዴው መጀመሪያ በጥርጣሬ ያያችኋል፣ ኋላ ላይ እሱ ራሱ ሌላ ቁጥር እያወጣ "እስቲ በዚህ ሞክረው" ማለት ይጀምራል።

ፔዳሉን ስትፈቱ ጥንቃቄ፤ የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ይፈታል፣ የግራው ግን በግልባጭ ወደ ቀኝ ነው። ይሄንን ሳያውቅ በቱቦ እያስረዘመ የታገለ ሰው አይቻለሁ፤ ለጫማ ብሎ ወጥቶ የብሎን ጥርስ ማስወጫ ከፍሎ ተመለሰ።