ችግር ያለበትን የኢንተርኔት አጠቃቀም በአረብኛ ተናጋሪዎች ዘንድ መለካት

አዲስ መጠይቅ ለመጻፍ አትቸኩሉ፤ በአረብኛ ተተርጉመው የተፈተኑ አሉ። በብዛት የሚሠራበት ኪምበርሊ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረበችው ባለ 20 ጥያቄ የኢንተርኔት ሱስ መፈተኛ ነው። ዕድሜው ግን ያስታውቃል፦ ኢሜይል ስለ መፈተሽ ይጠይቃል፤ ከፍቅር አጋር ጋር ስላለ ቅርርብም ይጠይቃል። ያላገባ ወጣት፣ በተለይ ቤተሰብ አጠገቡ ካለ፣ ይህን ጥያቄ ባዶ ይተወዋል፤ ወይም «በፍጹም» ብሎ ያልፈዋል። ነጥብ አሰጣጡም ሁለት ዓይነት ነው፤ ከ1 እስከ 5 የሚሰጡ አሉ፣ ከ0 እስከ 5 የሚሰጡም አሉ። ለሁሉም ጥያቄ ዝቅተኛውን የመረጠ ሰው በአንዱ 20፣ በሌላው 0 ያገኛል። የእኛ ምርጫ ባለ 14 ጥያቄው የአስገዳጅ ኢንተርኔት አጠቃቀም መለኪያ ነው። ከ0 እስከ 4 ይመዘናል፣ ጣሪያው 56 ነው፣ የአረብኛ ቅጂው የማረጋገጫ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል።

የታተመ ቅጂ ቢኖርም በምትሠሩበት አገር እንደገና ፈትኑት። መደበኛው አረብኛ ትምህርት ቤት ለገባ ሰው ይበቃል። ላልተማረ ሰው በቃል የሚነበብ ከሆነ የአገሩ ዘዬ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ጠያቂው በቦታው እየተረጎመ ካነበበ እያንዳንዱ ጠያቂ የራሱን መጠይቅ ይዞ ዞረ ማለት ነው። ከ10 እስከ 15 ሰዎች አስቀምጡና እያንዳንዱ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ በራሳቸው አነጋገር እንዲነግሯችሁ አድርጉ። «አንተ» እና «አንቺ» የሚለዩበት ቋንቋ ስለሆነ የወንድና የሴት ቅጽ ለየብቻ አዘጋጁ።

ብዙ መረጃ የሚበላሸው ቅጹ ላይ ነው። አረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ የኦንላይን ቅጹ አቅጣጫ ካልተቀየረ «በፍጹም» እና «በጣም ብዙ ጊዜ» ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ኮዱም ሳይታወቅ ይገለበጣል። መጠይቁን ከመበተናችሁ በፊት ሦስት የሙከራ ምላሽ ሙሉ፦ አንዱ ሁሉም «በፍጹም»፣ አንዱ ሁሉም «በጣም ብዙ ጊዜ»፣ አንዱ የተቀላቀለ። ፋይሉን አውርዱና የመጀመሪያዎቹ ሁለት 0 እና 56 መስጠታቸውን አረጋግጡ። በወረቀት ከሆነ ቁጥር አታጽፉ። በግብጽና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚለመደው አጻጻፍ አምስት ክብ ነው፣ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ነው፤ በማግሬብ አገሮች (እንደ ሞሮኮ ባሉ የሰሜን ምዕራብ አፍሪካ አገሮች) ግን ክቡ ዜሮ ነው። በቃላት የተጻፉ አማራጮችና የምልክት ሳጥን ይህን ስህተት ያስቀራሉ።

በረመዳን አትሰብስቡ። የእንቅልፍ ሰዓት ስለሚዛወር እንቅልፍን የሚመለከተው ጥያቄ ነጥቡ ሊያሳስት ይችላል። ግድ ከሆነ ቀኑን መዝግቡ፣ ለብቻው ተንትኑ።

ለትንተና ከየአገሩ ቢያንስ ከ200 እስከ 300 ሰው ይኑራችሁ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የሰጠን ወዲያው አትሰርዙ፤ እውነተኛ «በፍጹም» አለ፤ የወሰደውንም ጊዜ አይታችሁ ወስኑ። መልሶቹ ደረጃ እንጂ ልኬት ስላልሆኑ አረጋጋጭ የፋክተር ትንተናውን (ጥያቄዎቹ እንደታሰበው አብረው መቧደናቸውን የሚፈትነውን) ለደረጃ መረጃ በተሠራ ዘዴ አካሂዱ። የክሮንባክ አልፋ (የጥያቄዎቹን እርስ በርስ መጣጣም የሚያሳየው ቁጥር) ከ0.70 በላይ መሆኑ መለኪያው አንድ ነገር ብቻ እንደሚለካ አያሳይም፤ ብዙዎች ግን እዚያ ላይ ያቆማሉ። ሞሮኮን ከሳዑዲ አረቢያ ለማነጻጸር ካሰባችሁ አስቀድማችሁ የመለኪያውን እኩልነት፣ ማለትም በሁለቱም አገር በአንድ ዓይነት መንገድ መለካቱን ፈትኑ፤ ጥያቄዎቹ በሁለቱም አገር እኩል ይሠራሉ የሚል ገደብ ሲጨመር ሲኤፍአይ (ሞዴሉ ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ የሚያሳይ ቁጥር) ከ0.01 በላይ ከወረደ አማካዮቹን አታወዳድሩ። ነጥቡ የሚጸና መሆኑን ለማየት ከሁለት ሳምንት በኋላ የተወሰኑትን ሰዎች እንደገና ማስሞላትም አትርሱ።

የቀረው ድንበሩ ነው፤ ማለትም ከየትኛው ነጥብ ጀምሮ ችግር አለ እንደሚባል። ለዚሁ ባለ 14 ጥያቄ መለኪያ 21ን የተጠቀሙ ጥናቶች አሉ፣ 28ን የተጠቀሙም አሉ፤ በሁለቱ መካከል የሚወድቀው ሰው ብዙ ነው። በሌላ አገር የወጣ ድንበር ከመዋስ ከተሳታፊዎቻችሁ ዝቅ፣ መካከለኛና ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙትን ምረጡና ውጤቱን በማያውቅ ባለሙያ ቃለ መጠይቅ አስደርጉ፤ ድንበሩን ከዚያ አውጡ። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምድብ የቪዲዮ ጌም ሱስን እንጂ አጠቃላይ የኢንተርኔት ሱስን ለብቻው ስላላሰፈረ ባለሙያው የሚመዝነው በሕይወት ላይ የደረሰውን ጉዳት ነው፦ ሥራ፣ ትምህርት፣ እንቅልፍ፣ የቤተሰብ ግንኙነት። ቃለ መጠይቁን ማድረግ ካልቻላችሁ አማካዩን፣ መደበኛ ልዩነቱንና የነጥብ ስርጭቱን አቅርቡ፤ «ይህን ያህሉ ሱሰኛ ነው» የሚል መቶኛ ግን አትጻፉ።