ካያክ በጂምኒ ጣሪያ ላይ፦ ችግርና መፍትሄ

እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጣው ባለ ሦስት በር ሱዙኪ ጂምኒ ሲያዩት ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ) የሚጫንበት መኪና አይመስልም። ከስኮርት ጎማው ጋር 3.65 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ 1,100 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሆኖም 3 ሜትር የሚሆን ጠንካራ ካያክ በደንብ ይሸከማል። አስቸጋሪው የካያኩ ርዝመት አይደለም። አንደኛ፣ አምራቹ ለጣሪያው የፈቀደው 30 ኪሎ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ጣሪያው አጭር ስለሆነ ካያኩ የሚያርፍባቸው ሁለት አግዳሚ ብረቶች ይቀራረባሉ። ከታች ካሉት ችግሮች ዋና ዋናዎቹ ከእነዚህ ከአንዱ ይመነጫሉ፤ ቺንጊያ አብዝቶ በመወጠር የሚድን ግን አንድም የለም።

ጣሪያው ኮረኮንች ላይ ጧ ጧ ይላል፣ ወይም ሰርጉዷል

ምክንያቱ ክብደቱ ላሜራው ላይ ማረፉ ነው። የጂምኒ ጣሪያ ጥንካሬው በግራና በቀኝ ጠርዙ፣ ማለትም በአሸንዳው ላይ ነው፤ መሀሉ ስስ ቆርቆሮ ነው። ስፖንጅ ዘርግተው ካያኩን በቀጥታ ጣሪያው ላይ የሚያስሩ ሰዎች ይህን ችግር በራሳቸው ላይ ይጠራሉ። ሌላም እንቅፋት አለ፦ ስፖንጁን የሚይዘው ቺንጊያ በበሮቹ ውስጥ ማለፍ አለበት፣ ባለ ሦስት በሩ ጂምኒ ግን የኋላ የጎን መስታወቶቹ አይከፈቱም። የፊተኛው ቺንጊያ መግቢያ ሲያገኝ የኋለኛው አያገኝም። ስለዚህ በዚህ መኪና ላይ አሸንዳውን የሚቆነጥጡ አራት እግሮችና ሁለት አግዳሚ ብረቶች ይሻላሉ።

ክብደቱን ሲያሰሉ ከካያኩ ሳይሆን ከብረቱ ይጀምሩ። ብዙ በያጆች የሚጠቀሙበት 25 በ25 ሚሊሜትር የሆነ፣ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቱቦላሬ በሜትር 1.1 ኪሎ ይመዝናል። ሙሉ ቅርጫት የሆነ ፖርቶመጋላ 20 ሜትር ቢፈጅ 22 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ለካያኩ የቀረው 8 ኪሎ ነው፤ በዚያ ክብደት ጠንካራ የፕላስቲክ ካያክ አይገኝም። ሁለት አግዳሚ ብረት ብቻ ከነእግሮቹ ወደ 5 ኪሎ ይሆናል፤ ከ20 እስከ 23 ኪሎ የሚመዝን የአንድ ሰው የፕላስቲክ ካያክ ሲጨመር 28 ኪሎ ላይ ይቆማል። 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነው የዓሣ ማስገሪያ ካያክ ለተሳቢ እንጂ ለዚህ ጣሪያ አይደለም፤ "እስካሁን ችሎታል" የሚለው ክርክር የሚሠራው አስፋልቱ እስኪያልቅ ድረስ ነው።

የብረቱ እግር ይላላል፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል

ፒስታ መንገድ ላይ ብሎን መላላቱ የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ሌላ ምክንያትም አለ። አሸንዳው ላይ አቧራ ወይም ሰም ካለ እግሩ በደንብ አይነክስም። አሸንዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁ፤ በብረቱና በቀለሙ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ጎማ ያስገቡ። አሮጌ ከመነዳሪ ጠንካራ ጎማ ነው የሚሻለው፤ ስፖንጅ ስለሚጨመቅ እንደገና ያላላል። ተራውን ዳዶ ውስጡ ናይለን ባለው ዳዶ ይተኩ። አራቱንም እግሮች በተራ በተራ፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያጠበቁ ይሂዱ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ብረቱን ያጣምመዋል። ከመጀመሪያው 20 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመው ይፈትሹ፤ ፒስታ ላይ ደግሞ በየእረፍቱ።

ከመጠን በላይ ማጥበቅ አሸንዳውን ያጣምማል፣ ቀለሙን ይሰነጥቃል፣ ከዚያ ዝገት ይገባል። የተፋቀ ቀለም ካዩ በዚያው ሳምንት ቀለም ያስነኩት።

ከ70 በላይ ሲነዱ አፍንጫው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል

በዚህ መኪና ላይ ይህ ዋናው ችግር ነው፤ አደገኛም ነው። በሁለቱ አግዳሚ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት የካያኩን ርዝመት ሲሶ ያህል ሊሆን ይገባል፤ ለ3 ሜትር ካያክ 1 ሜትር ማለት ነው። ብዙ ሰው የፊተኛውን ብረት መጫን እንዲቀለው ወደ መሀል ያመጣዋል። ብረቶቹ 60 ሴንቲሜትር ሲራራቁ የጎን ንፋስ ካያኩን እንደ በር ማጠፊያው ላይ ያዞረዋል። መጀመሪያ ብረቶቹን ጣሪያው እስከፈቀደ ያራርቁ።

ቀጥሎ የቺንጊያውን መንገድ ይመልከቱ። ቺንጊያው በካያኩ ላይ አልፎ የሚወርደው የካያኩን ጎን ታክኮ መሆን አለበት፤ በአግዳሚው ብረት ሥር ዞሮ በሌላው ጎን በኩል፣ ያንኑ ያህል ተጠግቶ ይወጣል። ቺንጊያው የብረቱ ጫፍ ላይ ከታሰረ በካያኩና በቺንጊያው መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ካያኩም በዚያ ልክ ወደ ጎን ይንሸራተታል። 25 ሚሊሜትር ስፋትና ከ3.5 እስከ 4 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቺንጊያዎች ይበቃሉ። በጥርስ የሚይዝ ዘለበት ያለውን በእጅ ጉልበት መሳብ ነው። በመዘውር የሚወጠረው የጭነት መኪና ቺንጊያ ፕላስቲክ ካያክን ይሰብራል ባይባልም ያጎብጠዋል። የሞተር ሳይክል ላስቲክ ደግሞ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይሆንም፤ ንፋሱ በሳበው ቁጥር ይለጠጣል።

ሦስተኛው የአፍንጫና የጅራት ገመድ ነው። የኮፈኑን ጎን ከፍተው ከፓራፋንጎው ብሎኖች በግራና በቀኝ አንዳንድ የቺንጊያ ቀለበት ያሰሩ፤ ኮፈኑ ሲዘጋ ቀለበቶቹ ብቅ ብለው ይቀራሉ። ከአፍንጫው እጀታ ወደ ሁለቱ ቀለበቶች የሚወርደው ገመድ የተገለበጠ ቪ ቅርጽ ይይዛል። የጅራቱ ገመድ ከመኪናው ኋላ ሥር ካለው የመጎተቻ ቀለበት ጋር ይታሰራል። የፊቱ ገመድ ካያኩን ወደ ኋላ ከመንሸራተት፣ የኋላው ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ከመወርወር ይይዘዋል። ለዚህም ነው ገመዶቹ ወደ ውጭ ያዘነበሉ መሆን ያለባቸው፤ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ገመድ ይህን አይሠራም። አይወጥሩት፤ መላላቱ እስኪጠፋ ብቻ ይሳቡት። በጣም ከተወጠረ የካያኩን ወገብ ያጎብጣል። ትርፉን ገመድ ጠቅልለው ይሰሩ፦ ተፈቶ የፊት ጎማ ሥር ከገባ ካያኩን ከነብረቱ ይነቅለዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከ80 በላይ አይንዱ። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ የጎን ንፋሱ ብርቱ ነው፤ አዳማ አጠገብ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ትልቅ ጭነት መኪና ሲያልፉ ወይም ሲያልፍዎት የሚመጣው ግፊትም ከፍ ላለችና ለጠበበች መኪና ቀላል አይደለም።

ጣሪያው ላይ እንደ መሰንቆ የሚጮህ ድምፅ

ጠፍጣፋ ቺንጊያ በንፋስ እየተንቀጠቀጠ ነው። ብረቱና ካያኩ መካከል ባለው ክፍል ላይ ቺንጊያውን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይጠምዝዙት፤ ዝም ይላል።

ቺንጊያው በየቦታው ይላላል

ዘለበቱ ጥርስ ውስጥ አቧራ ገብቷል። በውኃ ይጠቡት እንጂ ዘይት አይቀቡት፤ ዘይት የበለጠ አቧራ ይሰበስባል። ጨርቁ የደነደነ፣ ቀለሙ የለቀቀና ጠርዙ የተበጣጠሰ ከሆነ ፀሐይ በልቶታልና ይጣሉት።

ሐይቁ ጋ ሲደርሱ የካያኩ ሆድ ገብቶ ይገኛል

ሁሉም ቺንጊያውን ይከሳል። አንዳንዴ እውነት ነው፦ ከባዱ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ይለሰልሳል፣ ጠዋት በብርድ የተወጠረው ቺንጊያ ቀትር ላይ ይሰረስረዋል። ካያኩን አፉን ወደ ታች ገልብጠው ይጫኑት፤ ጠንካራው የላይ ጠርዝ ብረቱ ላይ ያርፋል፣ ለስላሳው ሆድ ነፃ ይሆናል። ሲቆሙ ቺንጊያውን ያላሉ፣ ጥላ ካለ ጥላ ሥር ያቁሙ።

ጉድጓዱ ቺንጊያ ባረፈበት ሳይሆን ሌላ ቦታ ከሆነ ግን ጥፋተኛው ከፍታው ነው። ከላይ የሚቀመጡበት ዓይነት ካያክ ውስጡ ዝግ ባዶ ነው፤ የውኃ ማፍሰሻው ቡሽ ከተዘጋ አየር አይገባም አይወጣም። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር፣ ላንጋኖ 1,590 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ቁልቁለት የአየር ግፊቱ ከ760 ወደ 835 ሄክቶፓስካል አካባቢ ይጨምራል። አዲስ አበባ 200 ሊትር አየር ይዞ የተዘጋ ካያክ ላንጋኖ ሲደርስ ሙቀቱ እኩል ቢሆን አየሩ 182 ሊትር ይሆናል፤ የጎደለው 18 ሊትር በሆዱ መግባት ይካካሳል። ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ደግሞ በጎሃ ጽዮን በኩል ዓባይ በረሃ ወርዶ በደጀን በኩል መልሶ ይወጣል፤ ካያኩ በአንድ ቀን ይገባል ይነፋልም።

መፍትሄው ምንም ወጪ የለውም፦ ከመነሳትዎ በፊት ቡሹን ይፍቱ። ክፍት አፍ ያላቸውና የዕቃ ክፍል ያላቸው ካያኮች ላይ የዕቃውን ክዳን አንዱን ጠርዝ ገርበብ ያድርጉ። የፈቱትን ቡሽ የመኪናው ቁልፍ ላይ ያንጠልጥሉት፤ ቡሹን ረስቶ ውኃ ላይ መውጣት ከሆዱ መግባት የባሰ ነው።

የገባው ሆድ ራሱ ይመለሳል፤ ፀሐይ ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ያስቀምጡት። ካልተመለሰ የሞቀ ውኃ እያፈሰሱ ከውስጥ በእጅ ይግፉት። የእሳት ነበልባል አያስጠጉ።

በአየር የሚነፋው ካያክ ይለሰልሳል ወይም ስፌቱ ይላቀቃል

ምክንያቱ ያው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ 0.2 ባር የተነፋ ቱቦ ላንጋኖ ሲደርስ 0.125 አካባቢ ይቀረዋል፤ ቀዳዳ አይፈልጉለት፣ ይጨምሩለት። አደጋው በመመለሻው ነው፦ ላንጋኖ 0.2 ባር ሆኖ አዲስ አበባ ሲገባ ወደ 0.275 ይወጣል፣ ቀትር ፀሐይ ካገኘው ከዚያም በላይ። አየሩን አስወጥቶ ጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ከሆነ የጣሪያው ጣጣ ሁሉ ቀረ።

ሲጭኑ የጣሪያው የኋላ ጠርዝ ይፋቃል

ብቻዎን ሲሆኑ ካያኩን በጎን በኩል ለማንሳት አይሞክሩ። ከመኪናው ኋላ መሬት ላይ ያጋድሙት፣ የጣሪያውን ጠርዝና ስኮርት ጎማውን በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፍኑ፣ አፍንጫውን አንስተው የኋለኛው ብረት ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያ ከጅራቱ ይግፉት። በአንድ ጊዜ የሚያነሱት ግማሽ ክብደቱን ብቻ ነው። ቺንጊያ ሲወረውሩ ደግሞ ዘለበቱ ያለበትን ጫፍ በእጅዎ ይያዙ፤ የሚወረወረው ጨርቁ ነው፣ ዘለበቱ መስታወት ይሰብራል።

የኋላው በር አይከፈትም

በሩ ወደ ጎን ስለሚከፈት ካያኩ አይነካውም፤ የሚዘጋው የጅራቱ ገመድ ነው። መሀል ላይ ሳይሆን በሩ ማጠፊያ ባለበት በኩል ካለ ጠንካራ ነጥብ ጋር ይሰሩት። ምሳና ውኃውን ግን ቀድሞ የፊት ወንበር ላይ ማድረግ ይቀላል።

ተነቃይ ጣሪያ ያለው ጂፕ ራንግለር

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች፦ የራንግለር ጠንካራ ጣሪያ ላሜራ ሳይሆን ፋይበርግላስ ነው፣ ከላዩም ይነቀላል። ካያክ ከጫኑ በኋላ ከፊተኛው መጋጠሚያ ውኃ መንጠባጠብ ከጀመረ ክብደቱ ጣሪያውን ከጎማ ማሸጊያው እያነቃነቀው ነው። ተጨማሪ ሲሊኮን መቀባት ለጊዜው ብቻ ይረዳል። እግሮቹ ወርደው ከመኪናው አካል ጋር በብሎን የሚታሰሩ፣ ጣሪያውን ጨርሶ የማይነኩ ብረቶች ይግዙ።

የሕንፃ ምድር ቤት መግቢያ ላይ መጋጨት

ጂምኒው ራሱ 1.72 ሜትር ነው። በብረቱና በተገለበጠው ካያክ 2.2 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ካያኩን በጎኑ የሚያቆም መያዣ ከተጠቀሙ 2.6 ሊደርስ ይችላል። ጭነው እንደጨረሱ በሜትር ይለኩና ቁጥሩን መሪው አጠገብ ይለጥፉ፤ ብዙ ምድር ቤቶች መግቢያቸው ላይ የሚፈቀደውን ከፍታ ጽፈዋል።