በዓይን ውስጥ ደም ቅዳ ሲያብጥ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ "ዓይኔ ብዥ አለብኝ" ላለ ሰው መልሱ ቅርብ ነው፤ "ምች ነው"። ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ቀናት ይጠበቃሉ። አንድ ዓይን በድንገት፣ ምንም ሳያም፣ ከተጋረደ ግን ምች ብሎ መቀመጥ ትልቅ ስህተት ነው። ይህን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ሬቲና ላይ ያለ ደም ቅዳ አብጦ መድማቱ ነው።

ሬቲና ከዓይን ኳስ በስተኋላ ያለ፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። ደም ቅዳዎቹ ለዓመታት ከፍተኛ ግፊት ሲሸከሙ ግድግዳቸው ይደክማል። ያረጀ የውሃ ጎማ በአንድ ጎኑ እንደሚያብጥ ያብጣሉ። በብዛት የሚታየው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች፣ ይበልጡን በሴቶች ላይ ነው። አብዛኞቹ ደም ግፊት አለባቸው።

"አላመመኝም" ብሎ መቆየት ሌላው ስህተት ነው። ሬቲና ሲደማ አያምም። ደሙ ከማየት ማዕከሉ (ጥርት አድርጎ ከሚያየው የሬቲና መሃል) ሥር ከተጠራቀመ ግን የማየት ሴሎችን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይጎዳል። ችግሩ በአብዛኛው የሚይዘው አንድ ዓይን ብቻ ስለሆነ ደህናው ይሸፍንለታል። አልፎ አልፎ አንዱን ዓይን በእጅ ከድኖ በሌላው ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

መነጽር ቤት መሮጥ ወይም "ሞራ ነው፣ ይብሰል" ማለትም አያዋጣም። ሞራ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ በአንድ ቀን አይጋርድም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የግፊት ክኒን ማቋረጥ ነው። እናቶቻችን "ዛሬ ደህና ነኝ" ብለው ክኒኑን ይተዉታል። ወይም ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ይወስዳሉ። ግፊት ግን ሳያም ነው የሚጎዳው። ደህና የሆኑትም ክኒኑን ስለወሰዱ ነው። ቤት ውስጥ ግፊት ያለበት ሰው ካለ ክኒኑ ሳያልቅ ይገዛ፣ ወጡ ላይ ጨው ይቀነስ፣ ግፊቱም ይለካ። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዝም አይባልም። ኮሌስትሮልና ስኳርም አብረው ቢታዩ ጥሩ ነው። ዓይን ታክሞ ግፊቱ ከተተወ ሥራው ግማሽ ነው፤ ልብና አንጎልም ያሉት በዚያው ግፊት ሥር ነው።

ሐኪሙ "እንከታተለው" ሲል "ምንም አላደረገልኝም" ብሎ መቅረትም አለ። ብዙዎቹ እብጠቶች ደም ካፈሰሱ በኋላ በራሳቸው ረግተው ይደርቃሉ፤ ስለዚህ መከታተል ራሱ ሕክምና ነው። ከእብጠቱ የሚወጣ ፈሳሽ ወደ ማየት ማዕከሉ ከደረሰ ሌዘር ወይም ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ይታሰባል። ሌዘሩ ደም ቅዳውን ሊዘጋው ስለሚችል ሐኪሙ ቦታውን አይቶ ይወስናል። ብዙ ደም ከፈሰሰ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ወደ አዲስ አበባ የሬቲና ሐኪም ሪፈር ከተጻፈ "ከበዓል በኋላ እሄዳለሁ" አይባልም።

ለምርመራ ብቻዎን አይሂዱ። የዓይን ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለሰዓታት ያደበዝዛል፤ በዚያ ሁኔታ መኪናም ባጃጅም መንዳት አይቻልም። ሰው ያስከትሉ፣ የፀሐይ መነጽር ይያዙ፣ የሚወስዷቸውን ክኒኖች ከነማሸጊያቸው ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ።