አግደነው ለምን ይመለሳል? የማይፈለጉ የስልክ መልእክቶች፣ ምክንያታቸውና መፍትሄያቸው

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ስልክ የእህልና የበግ ዋጋ የሚጠየቅበት፣ ከተማ ያለ ልጅ የላከው ገንዘብ መድረሱ የሚታወቅበት ዕቃ ሆኗል። ስለዚህ የመልእክት ድምፅ ሲሰማ ሰው ሥራውን አቋርጦ ያያል፤ የመጣው ያልጠየቀው ምክር ወይም የማያውቀው ዕጣ ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ ያዝናል፣ ይናደዳልም። አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያስበው ላኪውን ማገድ ነው። እገዳ ለአንዳንዱ መልእክት ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ ለሌላው ግን ችግሩን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያስወግደውም። ልዩነቱን ማወቅ የሚቻለው ከመልእክቱ ቃል ይልቅ ከላዩ ያለውን ላኪ በማየት ነው። ላኪው በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ባለ 10 አኃዝ ተራ ቁጥር፣ ወይም ሦስትና አራት አኃዝ ያለው አጭር ቁጥር፣ ወይም በፊደል የተጻፈ ስም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም የየራሳቸው መፍትሄ አላቸው።

መልእክቱ ቀርቷል፣ ካርዱ ግን ያልቃል

ከሁሉ በላይ ሰውን ሲጎዳ ያየሁት ይህ ነው፤ እኔም የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። መንዝ የምትኖር አክስቴ ለበዓል እኛ ዘንድ ደብረ ብርሃን በመጣችበት ጊዜ፣ በየጠዋቱ የሚመጣ የምክር መልእክት ሰላም እንደነሳት ነገረችኝና ስልኳን ከመቀነቷ ፈትታ፣ ፊቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ። ላኪው ባለ አራት አኃዝ አጭር ቁጥር ነበር። እኔም አገድኩት፤ እሷም መርቃኝ ሄደች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውላ «ልጄ፣ መልእክቱስ ቀርቷል፤ ካርዱ ግን እንደ ድሮው ነው የሚያልቀው» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ያስቆምኩት ማሳወቂያውን እንጂ ምዝገባውን አልነበረም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአጭር ቁጥር የሚሰጡ የመረጃ፣ የመዝናኛና የዕጣ አገልግሎቶች የደንበኛውን ቁጥር የሚመዘግቡት በራሳቸውና በቴሌኮሙ ሥርዓት ውስጥ ሲሆን፣ ክፍያውም የሚቆረጠው እዚያው ነው። በስልካችን ላይ የምናደርገው እገዳ ግን የሚሠራው መልእክቱ ስልኩ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ስልኩ መልእክቱን ተቀብሎ ይደብቀዋል፣ ላኪው ደግሞ መልእክቱ መድረሱን ብቻ ያውቃል። አገልግሎቱ በቀን 2 ብር የሚያስከፍል ቢሆን በወር 60 ብር ይሆናል፤ ያውም ባለቤቱ ከዚያ ወዲያ ምንም ምልክት ሳያይ። እገዳው ክፍያውን ካለማስቆሙም በላይ ክፍያ መኖሩን በግልጽ የሚያሳየውን ማስረጃ ከዓይን ያርቃል።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ አንድ ሌሊት ይበቃል። ማታ ከመተኛትዎ በፊት የሞባይል ዳታን ያጥፉ፤ ጥቅል ሳይገዙ የተከፈተ ዳታ ራሱ ካርድ ስለሚበላ ካልጠፋ ፈተናው ያሳስታል። ከዚያ የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ከሆነ *804# ደውለው ቀሪ ሂሳብዎን በወረቀት ላይ ይጻፉ። ጠዋት ለማንም ሳይደውሉና ዳታውን ሳይከፍቱ እንደገና ይመልከቱ። ሂሳቡ ከቀነሰ፣ በቁጥርዎ ላይ የሚከፈልበት ምዝገባ መኖሩን አጥብቆ መጠርጠር ተገቢ ነው። አንዳንዱ አገልግሎት በየቀኑ ሳይሆን ቀን እየዘለለ ስለሚያስከፍል፣ አንድ ሌሊት ምንም ባይቀንስ ሦስት አራት ቀን መድገም ይጠቅማል።

መፍትሄው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። አጭር ቁጥሩ ታግዶ ከሆነ በመጀመሪያ እገዳውን ያንሱ፤ አለበለዚያ «ምዝገባዎ ተሰርዟል» የሚለው መልስም ተደብቆ ይቀራል። ቀጥሎ የመጨረሻውን መልእክት እስከ ታች ድረስ ያንብቡ፤ ለማቋረጥ የሚላከው ቃልና ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው እዚያ መጨረሻው ላይ ነው። ቃሉን፣ ብዙውን ጊዜ «ስቶፕ» የሚለውን፣ በመልእክቱ ላይ በተጻፈበት ፊደል ልክ እንደተጻፈው ይላኩ። የማረጋገጫ መልሱን ይጠብቁ፣ የሌሊቱን ፈተና ይድገሙ፤ ሂሳቡ መቆሙን ካዩ በኋላ መልእክቱን ዳግም ላለማየት ከፈለጉ ያን ጊዜ ያግዱት። በአክስቴ ስልክ ላይ በስተመጨረሻ ያደረግነው ይህንኑ ነበር፤ እኔ በስልክ እየነገርኳት፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያነበበላት የጻፈው ግን የጎረቤት ተማሪ ልጅ ነው።

«ስቶፕ» ብዬ ልኬ አልቆመም

ለዚህ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የሲም ካርዱ ጉዳይ ነው። ሁለት ሲም በያዘ ስልክ ላይ ምዝገባው ያለው በአንደኛው ቁጥር ሆኖ የማቋረጫው መልእክት ከሌላኛው ከወጣ፣ ተቀባዩ ምዝገባ የሌለው ቁጥር ስለሚያይ ምንም አያደርግም። ከመላክዎ በፊት በመላኪያው ምልክት አጠገብ የሚታየውን የሲም ቁጥር፣ 1 ወይም 2 መሆኑን፣ መልእክቱ ከገባበት ሲም ጋር ያመሳክሩ።

ሁለተኛው ምክንያት ላኪው ስም የሆነ እንደሆነ ነው። በፊደል የተጻፈ የላኪ ስም መልስ የሚቀበል ቁጥር ስላልሆነ፣ ለእሱ የተላከ መልስ የትም አይደርስም፤ የማቋረጫውን አጭር ቁጥር በመልእክቱ ውስጥ ፈልጎ ለእሱ በአዲስ መልእክት መላክ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ደግሞ በጨዋነት የሚፈጸም ስህተት ነው፤ ሰው «እባካችሁ ስቶፕ አድርጉልኝ» ብሎ ይጽፋል። የሚያነበው ግን ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር ስለሆነ ከተባለው ቃል በቀር ሌላ ሊጨመርበት አይገባም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልቆመ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ994፣ የሳፋሪኮም ደንበኛ በ700 ደውሎ አጭር ቁጥሩን በመጥቀስ እንዲቋረጥለት መጠየቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ አንድ አገልግሎት ብቻ ሳይሆን በቁጥሩ ላይ ያሉት ምዝገባዎች በሙሉ እንዲነገሩት ቢጠይቅ መልካም ነው፤ አንዱን ያስቆመ ሰው ሁለተኛውን ሳያውቅ ወራት ሲከፍል አጋጥሞኛል።

ቁጥሩ በየጊዜው የሚቀያየር መልእክት

ከተራ ባለ 10 አኃዝ ቁጥር የሚመጣና «ዕድለኛ ሆነዋል»፣ «በስህተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚል መልእክት አገልግሎት ሳይሆን ማጭበርበር ነው። እዚህ ላይ ደንቡ ከላይኛው ተቃራኒ ነው፤ «ስቶፕ»ም ሆነ ሌላ ምንም ዓይነት መልስ መላክ አይገባም፤ የመለሰ ሰው ቁጥሩ የሚሠራና የሚነበብ መሆኑን ለአጭበርባሪው አረጋገጠለት ማለት ነው። የቴሌብር ማረጋገጫ የሚመጣው ከ127 እንጂ ከግለሰብ ቁጥር አይደለም። ገንዘብ ገብቷል የሚል መልእክት ቢመጣም መልእክቱን ከማመን ይልቅ *127# ደውሎ ወይም መተግበሪያውን ከፍቶ ሂሳቡን ራሱን ማየት ነው። በገበያ ቀን፣ ሰው ተጣድፎ ባለበት ሰዓት፣ ይህችን ግማሽ ደቂቃ መውሰድ ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም በጉ ከእጅ ከወጣ በኋላ ከሚመጣው ጭንቀት ትሻላለች።

እገዳ ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው። የጎግል መልእክት መተግበሪያ ባለው አንድሮይድ ስልክ፣ ከመልእክቶቹ ዝርዝር ላይ የላኪውን መልእክት ጫን ብለው ይያዙ፣ ከላይ የሚመጡትን ሦስት ነጥቦች ይንኩ፣ «ብሎክ» የሚለውን ይምረጡ፤ «ሪፖርት ስፓም» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ካለ እንዳለ ይተዉት፣ ለላኪው የሚላክ ነገር የለም። በአይፎን መልእክቱን ከፍተው ከላይ ያለውን ቁጥር ይነካሉ፣ «ኢንፎ» ውስጥ ገብተው «ብሎክ» የሚለውን ይመርጣሉ። ቁጥሩን በእጅ ከመጻፍ ከመልእክቱ ላይ ማገድ ይሻላል፤ በአንድ አኃዝ ስህተት ሌላ ሰው የታገደበት ጊዜ አለ።

አጭበርባሪው ግን ነገ በሌላ ቁጥር ይመጣል። ለዚህ በአንድሮይዱ መተግበሪያ ቅንብር ውስጥ «ስፓም ፕሮቴክሽን» የሚለውን ማብራት፣ በአይፎን ደግሞ ከማይታወቁ ላኪዎች የሚመጣውን ለብቻ የሚያስቀምጠውን ማጣሪያ መጠቀም ይረዳል። ማጣሪያው እገዳ አይደለም፤ መልእክቱ ያለ ድምፅ በሌላ ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣል፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል።

በቃል ማገድ፣ በአማርኛ

አንዳንድ ስልኮች፣ በተለይ የራሱ የመልእክት መተግበሪያ ያላቸው የሳምሰንግ ስልኮች፣ የተወሰነ ቃል ያለበትን መልእክት ሁሉ እንዲያግዱ ማዘዝ ያስችላሉ። ይህ ለሚቀያየር ቁጥር ጥሩ መሣሪያ ነው፤ አማርኛ ሲሆን ግን ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። የማይሠራበት ምክንያት በፊደላችን ውስጥ ነው። እኛ «ዕድለኛ» እና «እድለኛ» ስንል አንድ ቃል እናነባለን፤ ስልኩ ግን ዐይኑን ዐ እና አልፋውን አ እንደ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ስለሚቆጥራቸው፣ አንዱን ያገደ ሰው በሌላው የተጻፈው ያልፈዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ ጸ እና ፀ እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ቃሉን ሊጻፍ በሚችልባቸው መንገዶች ሁሉ ለየብቻ ማስገባት ያስፈልጋል፤ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚለውንም «አልዎት» እና «ያለዎት» ከሚሉት ጋር።

ሌላም አለ። በአንድ መልእክት ውስጥ በላቲን ፊደል 160 ምልክቶች ሲገቡ፣ በግዕዝ ፊደል ግን የሚገቡት 70 ብቻ ናቸው። ብዙ ላኪዎች አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በግዕዝ የታገደ ቃልም በላቲን ተጽፎ ሲመጣ እገዳው አያውቀውም። ሁለቱንም ያስገቡ።

ከሁሉ የምለምነው ግን ሰፊ ቃል እንዳይመረጥ ነው። «ብር» ወይም «ሂሳብ» የሚለውን ያገደ ሰው የባንኩን መልእክት ሁሉ አብሮ ያግዳል።

የባንክ ወይም የማረጋገጫ ኮድ መምጣት ሲያቆም

መልእክቱ ጠፍቷል ከማለት በፊት የታገዱት የሚቀመጡበትን ቦታ ይመልከቱ። በጎግሉ መተግበሪያ ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን የመገለጫ ክብ ሲነኩ «ስፓም ኤንድ ብሎክድ» የሚል ክፍል ይወጣል፤ የባንኩ ስም እዚያ ካለ ከፍተው እገዳውን ያንሱለት። በአይፎን የማይታወቁ ላኪዎችን ዝርዝር ያዩና ማጣሪያውን ለጊዜው ያጠፋሉ። በቃል ያገዱ ከሆነም የቃላቱን ዝርዝር አንድ በአንድ ያንብቡ። 127ን በስም መዝግቦ መያዝም በማጣሪያው ምክንያት እንዳይጠፋ ያግዛል።

መልእክት የሚመስል፣ ነገር ግን ያልሆነ

ማሳወቂያው ከስክሪኑ አናት ወርዶ ታይቶ፣ በመልእክት ሳጥን ውስጥ ሲፈለግ ከሌለ፣ የላከው ብዙውን ጊዜ ስልኩ ላይ የተጫነ መተግበሪያ ነው። ማሳወቂያውን ከመጥረግ ይልቅ ጫን ብለው ሲይዙት የመተግበሪያው ስምና የማጥፊያው ምርጫ ይወጣሉ።

ስልክ ሲቀየር የሚመለሱ መልእክቶች

የእገዳው ዝርዝር የተቀመጠው በቀፎው ውስጥ እንጂ በሲም ካርዱ ላይ አይደለም። ስለዚህ ሲሙን ወደ ሌላ ቀፎ ያዛወረ ሰው የታገዱት ሁሉ ቢመለሱበት ሊገርመው አይገባም፤ እንደገና ማገድ ነው። ምዝገባው ግን ቁጥሩን ተከትሎ ይሄዳል። አዲስ ሲም የገዛ ሰውም ቁጥሩ ቀድሞ የሌላ ሰው የነበረ ከሆነ የዚያን ሰው መልእክቶች ሊያገኝ ይችላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቀሪ ሂሳቡን ማታና ጠዋት አመሳክሮ፣ የሚቀንስ ከሆነ ካርድ አብዝቶ ከመሙላቱ በፊት በቁጥሩ ላይ ያሉትን ምዝገባዎች ማሰረዝ ይኖርበታል።